ስለ መኪና አላርም ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አላርም በሚገጠምበትና በሚጠገንበት ቦታ ሁሉ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው፤ ቀላሉ ይቀድማል።

የመኪና አላርም ሲባል ምን ምን ዕቃ ነው የሚገጠመው?

ካርቶኑ ሲከፈት ዋናው ሳጥን፣ ሁለት ሪሞት፣ ሳይረን፣ ሾክ ሴንሰር፣ ዳሽቦርድ ላይ የምትለጠፍ ብልጭ ድርግም የምትል ትንሽ መብራት፣ አንድ ሪሌ (በኤሌክትሪክ ታዝዞ ሌላ መስመር የሚያገናኝ ወይም የሚቆርጥ ማብሪያ)፣ አንዲት የመጫኛ ቁልፍና ባለ ብዙ ቀለም የሽቦ ጥቅል ይወጣል። ዋጋው ከፍ ሲል ብዙውን ጊዜ የሚሻሻለው ሴንሰሩና ሪሞቱ ነው፤ መሠረታዊ አሠራሩ ያው ነው።

ዋናው ሳጥን በአንድ በኩል ይሰማል፣ በሌላ በኩል ያዛል። የሚሰማው ከበሮች፣ ከኮፈን፣ ከኋላ ሻንጣ መጫኛው፣ ከሾክ ሴንሰሩና ከማስነሻ ቁልፉ ነው። የሚያዘው ደግሞ ሳይረኑን፣ ፍሬቻውን፣ የበር መቆለፊያ ሞተሮቹንና የሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር) መስመር የሚቆርጠውን ሪሌ ነው። ስለዚህ "አላርሙ ተበላሸ" ሲባል መጀመሪያ የሚጣራው አልሰማም ወይስ ሰምቶ አላዘዘም የሚለው ነው። ፍሬቻው ብልጭ እያለ ድምፅ ከሌለ ሳጥኑ ጤነኛ ነውና ሳይረኑንና ሽቦውን ይፈትሹ። ሳይረን አፉ ወደ ታች ዞሮ ካልታሰረ በአንድ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ዝም ይላል፤ የሚያሳዝነው ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ከተሰረቀ በኋላ መሆኑ ነው።

መኪናው መነካቱን እንዴት ያውቃል?

በሮቹን የሚጠብቀው አዲስ ነገር አይደለም። በር ሲከፈት የውስጥ መብራቱን የሚያበራው ያው ማብሪያ ነው፤ አላርሙ ከእሱ ሽቦ ላይ ይቀጠላል። በቶዮታዎቹና በአብዛኞቹ የጃፓን መኪኖች በር ሲከፈት ሽቦው ከኔጌቲቭ ጋር ይገናኛል። በአንዳንድ የሌላ አገር መኪኖች ግን በተቃራኒው ፖዘቲቭ ይመጣል። ይህን ሳይለይ የገጠመ ሰው በር ተከፍቶም የማይጮህ አላርም ሰጥቶዎት ይሄዳል። የተገጠመልዎትን ለመፈተን መስኮቱን ዝቅ አድርገው በሪሞት ይቆልፉ፣ ትንሽ ይጠብቁ፣ ከዚያ እጅዎን አስገብተው እያንዳንዱን በር ከውስጥ ይክፈቱ። አራቱም መጮህ አለባቸው። የሾፌሩ በር ብቻ ተሞክሮ "በቃ ይሠራል" የሚባለው ነገር አይበቃም።

ሾክ ሴንሰር ንዝረትን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ነው። አብዛኛው ሁለት ደረጃ አለው፤ ቀለል ያለ ንክኪ ሲሆን ጥቂት ጊዜ ጢጥ ጢጥ ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ጠንካራ ምት ሲሆን ሙሉውን ይጮሃል። የመኪናው ብረት ላይ ጠብቆ ሲታሰር በደንብ ይሰማል፤ በስፖንጅ ማጣበቂያ ፕላስቲክ ላይ ከተለጠፈ ግን ደንቆሮ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ከፍ የሚሉት ውስጡን በድምፅ የሚቃኙ ሴንሰሮች ናቸው። 40 ኪሎኸርትዝ አካባቢ የሆነ፣ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ እየላኩ ተመልሶ የሚመጣው ሲለወጥ ሰው መግባቱን ያውቃሉ። መስኮት ገርበብ ብሎ ንፋስ ከገባ ይሳሳታሉ። መኪናው ሲያዘነብል የሚያውቅ ሴንሰርም አለ፤ በክሪክ አንስቶ ጎማና ቸርኬ ለሚፈታ ወይም በተጎታች ለሚወስድ ሌባ መልሱ እሱ ነው።

አላርምና ኢሞቢላይዘር አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ልዩነቱ የገንዘብዎን አቅጣጫ ስለሚወስን ደግሞ ልብ ይበሉት። አላርም ይጮሃል፣ ይናገራል። ኢሞቢላይዘር ድምፅ የለውም፤ ትክክለኛው ቁልፍ ካልመጣ ሞተሩ እንዳይነሳ ያደርጋል። በቁልፉ ፕላስቲክ ውስጥ ባትሪ የማያስፈልጋት ትንሽ ቺፕ አለች። ቁልፉን ሲያስገቡ በማስነሻው ዙሪያ ያለው ቀለበት 125 ኪሎኸርትዝ አካባቢ በሆነ ሞገድ ኃይል ይሰጣታል፣ እሷም መለያዋን ትመልሳለች፤ ካልተስማሙ የሞተሩ ኮምፒውተር ነዳጅና እሳት ይከለክላል።

ሙሉ መኪና እንዳይወሰድ የሚያደርገው ከሁለቱ ይኸኛው ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ1998 መጨረሻ ጀምሮ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ ግዴታ አድርጎታል። አሜሪካ ግዴታ ስላላደረገችው የተከተለውን እዚያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2021 አካባቢ የተሸጡ ብዙ የኪያና የሂዩንዳይ ሞዴሎች ያለ ኢሞቢላይዘር ስለወጡ፣ ወጣቶች አሰራረቁን በቲክቶክ እየተቀባበሉ መኪኖቹን ነዱ። ኩባንያዎቹ በ2023 ያመጡት የሶፍትዌር ማሻሻያ ቁልፉ ከሌለ እንዳይነሳ ከማድረጉም ሌላ የአላርሙን ጩኸት ከ30 ሰከንድ ወደ 1 ደቂቃ አራዝሟል።

የራስዎ መኪና ቺፕ እንዳለው ለማወቅ የቁልፉን ጭንቅላት በፎይል በደንብ ጠቅልለው ለማስነሳት ይሞክሩ። ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ እምቢ ካለ፣ ወይም ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ፣ ቺፕ አለው። ያገለገሉ የጃፓን መኪኖች ውስጥ፣ በተለይ በርካሾቹ፣ ቺፕ የሌላቸው ስላሉ የገዙት ዕለት ቢሞክሩት ይሻላል።

ማንም ሳይነካው ሌሊት የሚጮኸው ለምንድን ነው?

ጎረቤት የሚያጣላው ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ከአምስት ስድስት ነገር አይዘልም፤ ችግሩ ሁሉም ሰው ሾክ ሴንሰሩን መክሰሱ ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ሲኖትራክ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ለሚያድር መኪና ሴንሰሩ እስከ ጫፍ ከተከፈተ ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ሴንሰሩ ላይ በትንሽ ጠመንጃ መፍቻ የምትዞር ማስተካከያ አለች። በጥቂቱ ወደ ኋላ ይመልሷት፣ ከዚያ መስታወቱን በቡጢ ጎን መታ አድርገው ይሞክሩ። በመዳፍ ቀለል ያለ ምት ማስጠንቀቂያውን ብቻ፣ ጠንከር ያለው ሙሉውን ካስነሳ ትክክል ነው።

ሴንሰሩ ጥፋተኛ መሆኑን ሳያረጋግጡ ግን አዲስ አይግዙ። ሶኬቱን ነቅለው አንድ ሌሊት ያሳድሩት። አሁንም ከጮኸ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከበር ወይም ከኮፈን ነው። ክረምት ላይ በጣም የሚያስቸግረው የኮፈኑ ማብሪያ ነው፦ ኮፈኑን ከፍተው ጠርዙ ላይ ያለችውን፣ ሲዘጋ ወደ ታች የምትጫነውን ዘንግ በጣትዎ ይጫኑ። ቀስ ብላ እየተጎተተች ከተመለሰች፣ ወይም ከሥሯ አረንጓዴና ነጭ ዝገት ካዩ አገኙት። ውኃ ሲገባባት ከመኪናው ብረት ጋር ትገናኝና ለሳጥኑ "ኮፈን ተከፈተ" ትላለች። ዋጋዋ ትንሽ ነው። የተጠጋገነ ኮፈን ደግሞ በደንብ ስለማይጫናት ቀን ሙቀት ብረቱን ሲያሰፋው ዝም ብሎ፣ ሌሊት ሲበርድ ይጮሃል። በሮቹ ላይ ያሉትም ማብሪያዎች እንዲሁ ያረጃሉ፤ በር ተዘግቶ የውስጥ መብራት አንዳንዴ ደብዘዝ ብሎ የሚበራ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሦስተኛው የደከመ ባትሪ ነው። ቮልቱ ሲወርድ ሳጥኑ ይደናገራል፤ አንዳንዱም የቮልት መውረድን እንደ ጥቃት ይቆጥረዋል። ብዙ አላርሞች ደግሞ ማን እንዳስጮኻቸው ይናገራሉ። በሪሞት ሲከፍቱ ዳሽቦርድ ላይ ያለችው መብራት የተወሰነ ቁጥር ብልጭ ካለች፣ ቁጥሩ የበር፣ የኮፈን ወይም የሴንሰር መሆኑ በመመሪያው ላይ ተጽፏል። መመሪያውን አይጣሉት።

ሪሞቱ አልሠራም ብሏል፣ አላርሙም እየጮኸ ነው፤ መኪናዬን እንዴት ላስነሳ?

ያችን ትንሽ የመጫኛ ቁልፍ የሚፈልጓት አሁን ነው። በሩን በብረቱ ቁልፍ ይክፈቱ፤ ይጮሃል፣ ይታገሱት። የማስነሻ ቁልፉን የዳሽቦርድ መብራቶች እስኪበሩ ድረስ ያዙሩ፣ ሳይዘገዩ የተደበቀችውን ቁልፍ ይጫኑ። በአብዛኞቹ አላርሞች ይህ ጩኸቱን ያስቆምና የሞተሪኖውን መስመር ይመልሳል። አንዳንዱ አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ መጫን ወይም ይዞ መቆየት ይፈልጋል።

ችግሩ ብዙ ሰው ቁልፏ የት እንዳለች አያውቅም። ገጣሚው ከመሪው ሥር፣ ከፊውዝ ሳጥኑ አጠገብ ወይም ከመሳቢያው ጀርባ ደብቋት ሄዷል። አላርም ሲያስገጥሙ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አሳየኝ ይበሉ፣ ራስዎም ተጭነው ይሞክሯት። ያገለገለ መኪና ሲገዙም ሻጩን ይጠይቁ። የሪሞቱን ባትሪ በተመለከተ፣ ብዙዎቹ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን ሲአር 2032 የተባለች ባለ 3 ቮልት ባትሪ ይጠቀማሉ፤ የቆዩት ግን ቀጭን ሲሊንደር የመሰለችውን ባለ 12 ቮልት ይወስዳሉ። ከፍተው ሳያዩ አይግዙ።

አላርም የመኪና ባትሪ ይጨርሳል?

በየቀኑ ለሚነዳ መኪና አይጨርስም። ዘብ ላይ ያለ አላርም የሚወስደው በአስር የሚቆጠር ሚሊአምፔር ነው። መኪናው ጠፍቶ ሁሉም ነገር ተደምሮ 40 ሚሊአምፔር ቢወስድ በ24 ሰዓት 1 አምፔር ሰዓት አይሞላም። ባትሪዎ ባለ 45 አምፔር ሰዓት ከሆነና መኪናው ሦስት ሳምንት ከቆመ ግን ግማሽ ያህሉ ሄዷል፤ ያረጀ ባትሪ ደግሞ ከዚያ በፊት እጅ ይሰጣል። ውጭ አገር ለአንድ ወር የሚሄድ ሰው ኔጌቲቩን ነቅሎ ቢሄድ ወይም የሚያስነሳለት ዘመድ ቢኖር ይሻላል።

ባትሪው ተነቅሎ ሲመለስ አላርሙ ቢጮህ አይደንግጡ። ብዙዎቹ ኃይል ሲቋረጥ የነበሩበትን ሁኔታ ያስታውሳሉ፤ ተቆልፎ ከነበረ ተቆልፎ ይነቃል። ሪሞቱን በእጅ ይዘው ነው ባትሪ የሚመለሰው።

ሌባ ኮፈን ከፍቶ ባትሪውን ቢነቅልስ?

ተራው ሳይረን ዝም ይላል። የራሱ ትንሽ ባትሪ ያለው ሳይረን ግን ኃይል ሲቋረጥበት በራሱ መጮህ ይጀምራል፤ ለጥገና ማጥፊያ የሚሆን የራሱ ትንሽ ቁልፍም አለው። ያ ቁልፍ ከሌሎቹ ጋር ይቀመጥ፣ ባትሪ ለመቀየር የሚፈለግበት ቀን ይመጣል።

አላርም ካለኝ ስፖኪዮዬ አይሰረቅም?

ይሰረቃል። አዲስ አበባ ውስጥ አላርም እያላቸው ስፖኪዮ ያጡ ሰዎችን ማግኘት አይከብድም። የስፖኪዮ መስታወት ልምድ ባለው እጅ በጥቂት ሰከንድ ነው የሚወጣው፤ ምት የለውም፣ በርም አይከፈትም። ሾክ ሴንሰሩን ያን እስኪሰማ ብናስተካክለው ድመት ኮፈን ላይ በወጣች ቁጥር ይጮሃል። ቢጮህም ሌባው ከመሄዱ በፊት የሚደርስ ሰው የለም።

እዚህ ላይ የሚሠሩት ርካሾቹ ናቸው፦ የታርጋ ቁጥርን መስታወቱና መብራቱ ላይ ማስቀረጽ፣ መስታወቱን በሪቬት ማሰር፣ ሲቆም የሚታጠፍ ስፖኪዮ ከሆነ ማጠፍ፣ ጥበቃ ባለበት ማቆም። የተቀረጸ መስታወት ገዢ ፊት ሲቀርብ ያስጠይቃል። ለዚህ ጉዳይ ብለው ውድ አላርም አይግዙ።

የሪሞቴን ኮድ ሌባ ሊቀዳው ይችላል?

እንደ ሪሞቱ ዓይነት ነው። የቆዩና በጣም ርካሽ የሆኑት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ኮድ ይልካሉ፤ የበር ሪሞት በሚቀዳበት መሣሪያ እነሱም ይቀዳሉ። ሪሞትዎ በየሱቁ "ኮፒ" ከተደረገ ይህ ዓይነት መሆኑን ጠርጥሩ። የተሻሉት በተጫኑ ቁጥር ኮዱን ይቀይራሉ፤ ሳጥኑ የተጠቀመበትን ኮድ ሁለተኛ አይቀበልም። ልጅ ቤት ውስጥ ሪሞቱን ሲጫወትበት ውሎ መኪናው ጋ ሲደርሱ የመጀመሪያው መጫን እምቢ የሚለውም በዚህ የተነሳ ነው። ሪሞቱ ከሳጥኑ ቀድሞ ስለሄደ ደጋግመው ሲጫኑ ይገናኛሉ፤ በጣም ከራቀ ግን እንደገና ማስተዋወቅ ያስፈልጋል።

ተቀያያሪውም አይነካም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ አሜሪካዊ የደኅንነት ተመራማሪ፣ ሞገዱን እያፈነ ኮዱን የሚያስቀርና በኋላ የሚጠቀምበት ርካሽ መሣሪያ ሠርቶ ለሕዝብ አሳይቷል። በተግባር ግን የሚያሰጋው ከዚያ የቀለለው ነው። ሌባው ማፈኛ ይዞ አጠገብዎ ቆሟል፣ እርስዎ እየሄዱ ወደ ኋላ ሳያዩ ሪሞቱን ይጫናሉ፣ መኪናው አልተቆለፈም። ፍሬቻው ብልጭ ማለቱን አይተው፣ እጀታውንም ጎትተው ይሂዱ።

የሞተሪኖ ማቋረጫው እንዴት ቢታሰር ይሻላል?

በሪሌው እግሮች ላይ ቁጥር ተጽፏል፦ 30፣ 85፣ 86፣ 87 እና 87ኤ። 85ና 86 ሪሌውን የሚያዝዙት ናቸው። 30 ከ87ኤ ጋር ሳይታዘዝ የተገናኘ ነው፣ ከ87 ጋር የሚገናኘው ሲታዘዝ ብቻ ነው። ገጣሚዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙት 87ኤን ነው። አላርሙ ሲነቃ ሪሌውን አዝዞ መስመሩን ይቆርጣል። ጥሩ ጎኑ አላርሙ ቢሞትም መኪናው ይነሳል። መጥፎ ጎኑም እሱው ነው፤ ሌባው ከመሪው ሥር እጁን ሰዶ የሳጥኑን ሶኬት ቢነቅል መስመሩ ተመለሰለት። በ87 ቢታሰር ሶኬቱ ሲነቀል መኪናው ዝም ይላል፤ ነገር ግን አላርሙ መንገድ ላይ የተበላሸ ዕለት እርስዎም ቆመው ይቀራሉ። በእኔ አስተያየት በከተማ ለሚነዳ ሁለተኛው ይሻላል፤ ክፍለ ሀገር ለሚመላለስ የመጀመሪያው፣ ሳጥኑን ግን እጅ የማይደርስበት ቦታ አድርጎ።

ሌላው የሚረሳው፣ በእጅ ማርሽ የሚሠራ መኪና በግፊ መነሳቱ ነው። ሞተሪኖ ቢቆረጥም ቁልቁለትና ሁለት ሰው ይበቃዋል። የነዳጅ ፓምፑን መስመር መቁረጥ ይህን ይዘጋል፤ ነገር ግን ሪሌው እየተነዳ ሳለ ቢበላሽ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬን እርዳታውም ይቀንሳል። የሞተሪኖ ሪሌ ቢበላሽ ግን የሚጎዳው ማስነሳትን ብቻ ነው። በየትኛውም ይሁን ሽቦው በብየዳ ይያያዝ እንጂ ተጠማዝዞ በቴፕ አይጠቅለል። የሞተሪኖው መስመር ብዙ አምፔር ስለሚያልፍበት የላላ መገጣጠሚያ ይሞቃል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያም መኪናው "አንዳንዴ አይነሳም"። ጤነኛ ሞተሪኖ እየተፈታ፣ ባትሪ እየተቀየረ የሚከርመው በዚህ ነው።

ጂፒኤስ ካስገጠምኩ አላርም ለምን ያስፈልገኛል?

ሥራቸው የተለያየ ነው። ጂፒኤሱ ቦታውን ከሳተላይት ያሰላና በውስጡ ባለው ሲም ካርድ ይልክልዎታል። ምድር ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ሳተላይት አያገኝም፣ ኔትወርክ በሌለበት አይልክም፣ ሲሙ ሒሳብ ካለቀበት ደግሞ ዝም ይላል፤ ሲም ካርዱን ሞልቶ ያስገባው ገጣሚው ስለሆነ ባለቤቱ ቁጥሩን እንኳ የማያውቅበት ጊዜ አለ። በስልክ ሞተር የሚያጠፋውን አገልግሎት እየሄደ ባለ መኪና ላይ አይጠቀሙበት፤ ከኋላው ያለው ሰው ላይተርፍ ይችላል። መቆሙን ካርታው ላይ አይተው ያጥፉት።

ቁልፍ በኪስ ይዞ የሚነሳ መኪና አለኝ፤ አላርሙ ሳይጮህ ሊወሰድ ይችላል?

ይችላል፤ መኪናው የተከፈተው በእውነተኛው ቁልፍ ስለሚመስለው አላርሙ የሚጮህበት ምክንያት የለውም። እንዲህ ያለው ቁልፍ መኪናው ከአንድ ሁለት ሜትር ርቀት ሲጠራው ይመልሳል። ሁለት ሌቦች፣ አንዱ መኪናው ጋ አንዱ የቤትዎ በር ጋ ሆነው፣ ጥሪውን በመሣሪያ ያራዝሙታል። ቁልፉን በር አጠገብ አለማስቀመጥ፣ ሞገድ በሚያፍን ከረጢት መያዝ ይረዳል። ከረጢቱን ከመኪናው አጠገብ ይፈትኑት፤ ቁልፉ ውስጡ ሆኖ በሩ ከተከፈተ አይረባም።

ከዚህ የከፋውን እንግሊዝ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በ2023 ይፋ አድርገዋል። ሌቦቹ የፊት መብራቱን አላቀው ከኋላው ያለውን የኮምፒውተር መስመር በሽቦ ያገኙና "ቁልፉ አለ" የሚል የሐሰት መልእክት ያስገባሉ። ለምርመራው ምክንያት የሆነው ለንደን ውስጥ የተሰረቀ አንድ ቶዮታ ራቭ4 ነበር። እንዲህ ላለው የፋብሪካው አላርም አይበቃም፤ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የማይነጋገር የተደበቀ ማቋረጫ ወይም የሚታይ የመሪ መቆለፊያ ይሻላል።

የኤሌክትሪክ መኪና ላይ ተጨማሪ አላርም ላስገጥም?

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባትን ከከለከለች ወዲህ የሚበዛ ጥያቄ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናም አላርሙንና የበር መቆለፊያውን የሚያንቀሳቅሰው ከትንሹ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው፤ ትልቁ ባትሪ ሞልቶ ትንሹ ከሞተ በሩም በሪሞት አይከፈትም። ሞተሪኖ ስለሌለው የሚቆረጥ የሞተሪኖ መስመር የለም፣ ብዙዎቹም ኢሞቢላይዘራቸውን ይዘው ነው ከፋብሪካ የሚወጡት።

ስለዚህ በነዳጅ መኪና ልማድ ሽቦ የሚቆርጥ ሰው አያስነኩት። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ኬብሎች በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት የሚሸከሙ ናቸው። ቀጫጭኖቹም ቢሆኑ ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩባቸው ስለሆኑ አንዷ ከተቀጠለች ዳሽቦርዱ በስህተት መልእክት ይሞላል፣ ዋስትናውም ሊቀር ይችላል። የራሱ ባትሪ ያለው፣ ሽቦ የማይነካ ጂፒኤስና የመሪ መቆለፊያ ለብዙው ሰው ይበቃል።